አሥራ አንደኛው ካላንደር

ሆሳዕና፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቤተልሔም፤

ሰላምታዬ ከሾፌሩ ከብሩ አውቶብስ ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባልሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽም አንጋጫ ደህና ናት፤ ባለፈው ሳምንት ለገበያ መጥታ እኔ ዘንድ አድራ ነው የሄደችው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አጎትሽ ማርቆስ ሰላም ብሎሻል። ዝናብ ገና ነው፤ አቧራው አስቸግሮናል።

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። «አክስቴ፣ በስልክ የምትነግሪኝን ስፈልገው አላገኘውም፤ በጽሑፍ ይሁን» ካልሽኝ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ይደነግጣል። ማርቆስ ደግሞ አጠገቤ ሆኖ የተማሪ ደብተር እያረመ «ሚስቴ ስታቲስቲክስ ጀመረች» እያለ ይስቅብኛል። «አንተ ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርከውን እኔ በሦስት ወር ልጨርሰው ነው» አልኩት።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ውሃው የመንግሥት አይደለም። የሦስቱ ሰፈር ሰው አዋጥቶ ያስቆፈረው ነው፤ ማኅበር አለው፤ ሰብሳቢው አቶ አበራ ነው። ላይ ሰፈር ሰኞና ሐሙስ ይደርሰዋል፣ መሃል ሰፈር ማክሰኞና ዓርብ፣ እኛ ታች ሰፈሮች ረቡዕና እሁድ። የእኛ ሁለተኛው ቀን ድሮ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ሰው ገበያ ይውላል ብለው ጥቅምት ላይ ወደ እሁድ አዞሩት። ወንዶቹ ተሰብስበው ወሰኑ፣ እኛ «እሁድ ሆኗል» ተብሎ ተነገረን። የታንከሩን ቁልፍ የሚይዘው፣ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ጋሽ ወልደሰንበት ነው። ሌላ ሰው አይነካውም።

ታዲያ የእሁዱ ውሃ የታለ? ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጀሪካን ደርድረን፣ እስኪመሽ ቁጭ እንላለን። አንድ ጆግ የማይሞላ ጠብ ጠብ ይልና አየር ይነፋል። ከዓርቡ መስመሩ ውስጥ የተረፈ ነው እንላለን። ከዚያ እስከ ረቡዕ ከምንጩ በጀርባ ነው፤ ዳገቱን ታውቂዋለሽ። የጎረቤቴ ምራት የአራት ወር እርጉዝ ሆና ጀሪካን አዝላ ስትወጣው ያየሁ ዕለት ነው ለአንቺ የደወልኩት። ስብሰባ ላይ ስንናገር መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሴቶች ታጋንናላችሁ።»

እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት። ለእድራችን ሴቶች፣ ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር ውሃ ሲመጣ ራይት አድርጉ፣ ካልመጣ ዝም በሉት አልኳቸው። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲትን እየቀደዱ ሰጡኝ። አሥሩ እነሆ። አንዱ ላይ ያለው ቅባት የቂቤ ነው። ሌላው ላይ ፈረስ የተሣለው በልጅ እጅ ነውና እንዳትቆጥሪው።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። በብሩ እጅ መልሱን ላኪልኝ።

አክስትሽ ጽጌ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፤

ካላንደሮቹ ሳይታጠፉ ደርሰውኛል። ቡላውም ደርሷል፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግማሹን ጨርሳዋለች። ለብሩ አመስግኚልኝ።

ጠረጴዛዬ ስለማይበቃ ወለል ላይ ዘርግቼ ነው ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት። ፈረሱን አልቆጠርኩትም። ሥራው አስቸጋሪ አልነበረም፤ አንቺ ሥርዓት ባለው መንገድ ሰብስበሽዋል። አሥር ቤት፣ አሥራ ሦስት ረቡዕ፤ ከመቶ ሠላሳ ሳጥን መቶ ሃያ አንዱ ራይት አለው። አሥር ቤት፣ አሥራ ሦስት እሁድ፤ ከመቶ ሠላሳው አንድም ራይት የለም። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።

ሰው ቁጥር ሲነበብለት ያንቀላፋልና ሥዕል አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን። ውሃ የመጣበት ሰማያዊ ነው፣ ያልመጣበት ነጭ። ከሩቅ ስታዪው የእሁዱ ነጭ እንደ ጎርፍ መንገድ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከላዩ በትልቁ «እሁድ ለታች ሰፈር ውሃ አይለቀቅም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ማተሚያ ቤት በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ አንቺም ስም አታንሺ፤ ሥዕሉ ራሱ ይናገር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በስልክ «አሥራ አንድ ቤት» ያልሽኝ መስሎኝ ነበር። የደረሰኝ አሥር ነው። አንዱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን?

ቤተልሔም


ሆሳዕና፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቲዬ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም አብራሽ ለምትኖረውም ልጅ፤ ቡላ ካማራት ይላክላታል። እዚህ ትናንት ትንሽ ካፍያ ጣለ። ማርቆስ ጉንፋን ይዞታል፣ ሚስት ሲታመም ብቻ ትዝ የምትለው ሰው ነው።

«ስብሰባው እንዴት ሆነ?» ብለሽ ስትደውዪ «ጥሩ ነው» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ገበያ መሃል ስለነበርኩ ነው። በእርግጥ ጥሩ ነበር። እንዳለ ልንገርሽ።

ቅዳሜ መጋቢት 20 በእድሩ አዳራሽ ነው የተሰበሰብነው። ወረቀቱን ማርቆስ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታው። አቶ አበራ መነጽሩን አውጥቶ፣ ጠጋ ብሎ፣ እንደገና ራቅ ብሎ አየው።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

«እሁድ ነው» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አሥር ቤት፣ አሥራ ሦስት እሁድ፣ መቶ ሠላሳ ሳጥን። ታጋንናላችሁ ስትሉን ኖራችሁ፤ እስቲ ከዚህ ውስጥ የተጋነነውን ሳጥን አሳዩኝ!»

ቤቲ፣ ያን ጊዜ የሆነውን አንቺ ብታዪው። ሴቶቹ እንደ ሰርግ ቤት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ከኋላ አንዱ ተነስቶ «ለመሆኑ ያ ብሎኬት የሚሠራው ሰው እሁድ እሁድ በርሜሉን ከማን ገዝቶ ነው የሚሞላው?» አለ። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ወልደሰንበት ዞረ።

«እኔ እሁድ እከፍታለሁ!» ብሎ ተነሳ። «በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ እሁድ አላጓደልኩም።»

«ከፍተኸው ወዴት ሄደ ታዲያ?» አልኩ እኔ። «ሽቅብ ወጣ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስም አታንሺ ብለሽኝ ነበር፤ ስም አላነሳሁም። እሱ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ «ወረቀት ካለማ እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ቁልፉ ለአቶ አበራ ወንድም ተሰጠ። ጋሽ ወልደሰንበት ሥራውን አስረክቦ ቤቱ ገብቷል። ሌላ ሥራ የለውም። ባለቤቱ ጥላዬ የእድራችን ሰው ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ቀብረናል፣ አብረን ድረናል። አሁን ገበያ ላይ ስታገኘኝ የሌላ ሰው ቆጮ ስታማርጥ ትቆያለች።

ይሁን። እውነት ሲነገር የሚከፋው አይጠፋም።

ብቻ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። አዲሱ ሰው ቁልፍ ከያዘ ሁለት እሁድ አለፈ። ሁለቱንም እሁድ ጀሪካን ደርድረን ዋልን፤ ያው ጠብ ጠብ ነው። ሴቶቹ «ይሄኛውም ሌባ ነው!» ብለው ሊሰለፉበት ነው።

አሥራ አንደኛውን ላልሽው፣ ብሩን አትጠርጥሪው፤ ብሩ የሰው አደራ አይጥልም። እኔ ነኝ ያልላክሁት። የተበላሸ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ።

አክስትሽ ጽጌ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፤

አጎቴን እግዚአብሔር ይማረው። እኔ ደህና ነኝ፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ሥራዬ ላይ ልቤ የለም። አጭር ነው የምጽፈው፣ ክፉ ነሽ እንዳትዪኝ።

«የተበላሸ» ማለት ምን ማለት ነው? ውሃ ነክቶት ነው? ቀኑ ተምታቶ ነው? ወይስ ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ብሎ?

ሁለተኛ፤ ሰው ተቀይሮ እሁዱ ካልተቀየረ፣ እሁዱን ነጭ ያደረገው ሰው ላይሆን ይችላል። ወይም ሁለቱም ሌቦች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አልችልም፤ ይህን ደግሞ ከመላኬ በፊት ነበር ማሰብ የነበረብኝ።

ሦስተኛ፤ ራይት የሚያደርጉት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቤት ነበሩ ወይ? ባዶ ሳጥን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ «ውሃ አልመጣም» ወይም «አላየንም»። እኔ ሁለቱንም ነጭ ቀብቻቸዋለሁ።

ካላንደሩን፣ እባክሽ፣ እንዳለ ላኪልኝ።

ቤተልሔም


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤተልሔም፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ብዙ አላስረዝምም። ማርቆስ ድኗል።

አልተበላሸም። ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነበር። የልብስ ሰፊው የመሐመድአሚን ነው፤ ከታች ሰፈር መጨረሻ ያለው ቤት። ራይቶቹን በመስመሪያ ያሠመራቸው ነው የሚመስለው። ረቡዕም ራይት፣ እሁድም ራይት፣ አሥራ ሦስቱም እሁድ። አሥር ሰው አንድ ቃል ሲናገር አንዱ ብቻ ካፈነገጠ፣ የሳተው እሱ ነው አልኩ። እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምን ያውቃል፣ መርፌ ሲስብ ውሎ እጁ እንዳመጣለት ራይት ያደርጋል አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ወረቀቱ እንዲያምርልኝ ነው የፈለግኩት። ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከተትኩት። ይኸው አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሱቁ ሄድኩ።

«መሐመድአሚን፣ እሁድ ውሃ ይመጣል?»

መቀሱን አስቀመጠ። «ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ ጽጌ? ውሃማ እሁድ ነው! ረቡዕ ሰው ሁሉ እየሳበ እንደ እንባ ነው የሚንጠባጠበው። እሁድ ቧንቧውን ሊገነጥለው ይደርሳል። ባለቤቴ የሳምንቱን ልብስ የምታጥበው እሁድ ነው።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል። እናንተ አትቀዱም እንዴ?»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«ለኢድ ወራቤ ሄጄ ነበር። ደግሞ ካላንደሬን ወስደሽ የለ? እኔ እኮ ተናግሬያለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

የቀሚስ ጨርቅ ልገዛ የመጣሁ መስዬ ጨርቁን ስዳብስ ቆየሁ።

እሁድ ከሦስት እስከ አምስት ተኩል የት ነን? አንቺው ታውቂዋለሽ። ቃለ ሕይወት የሚሄዱት ከሁለት ተኩል ገብተው ስድስት ሰዓት ሳይሆን አይወጡም። እኛ ካቶሊኮቹ ሦስት ሰዓት እንገባለን፣ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ግቢው ውስጥ ወሬው አለ። ስንሄድ ቧንቧውን ቆልፈን ቁልፉን ይዘን ነው፤ ክፍት ቧንቧ የተገኘበትን ማኅበሩ ይቀጣል። አሥሩም ቤት እንደዚሁ ነው። ቤት ውስጥ የቀረ አሮጊት እንኳ ቢኖር የተቆለፈ ቧንቧ ነው የሚያየው።

አሁንም በወሬ ብቻ ላምን አልፈለግኩም፤ በወሬ ያመንኩት ይበቃኛል። እሁድ ቤት ቀረሁ። ያውም የሆሳዕና በዓል ነበር።

«በሆሳዕና ቅዳሴ ትቀሪያለሽ?» አለኝ ማርቆስ፣ ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ።

«ልቆጥር ነው።»

«አባ ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ቧንቧ እየጠበቀች ነው በላቸው።»

«እኔ ይሄን ከምላቸው ታማለች እላለሁ» ብሎ ሄደ።

በርጩማ አውጥቼ ቧንቧው አጠገብ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከሁለቱም አቅጣጫ መዝሙር ይሰማል። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ቧንቧው አስነጠሰና ለቀቀው። አሥራ አራት ጀሪካን ሞላሁ፤ ዕቃ አለቀብኝ፤ ድስቱንም ሞላሁ። አምስት ተኩል ላይ ቆመ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «እሁድ ውሃ መጣ!» ብዬ መጮህ ሲገባኝ፣ ጀሪካኖቹን መክደን ጀመርኩ።

አዲሱን ሰው ሰዓቱን ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅኩት። ጋሽ ወልደሰንበት ሲያስረክበው የነገረው ነው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል፣ ከዚያ ታንከሩን ይከፍታል። ያ ሰዓት ለእሱ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የገባበት ሰዓት ነው።

ወደ ቤቱ ሄድሽ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ገና አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ፣ ሁለት ጊዜ ከጋሪ መቆሚያው ተመለስኩ።

አክስትሽ ጽጌ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ፣ አጎቴንም።

ብቻሽን አትሸከሚው። ካላንደሩን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ፤ «አይለቀቅም» ብዬ በትልቁ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ካላንደሩ የሚለው «አሥር ቤት እሁድ ራይት አላደረጉም» ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ «አይለቀቅም» የዘለልኩት እኔ ነኝ። ሆሳዕና አንቺ ዘንድ ተቀምጬ ስማር እሁድ ጠዋት ሰፈሩ እንዴት ባዶ እንደሚሆን ለአራት ዓመት አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ረሳሁት፤ ሥዕሉ አምሮልኝ ነበር። አዲስ ሠርቼ እልክልሻለሁ፤ የስም ነገር ግን ይቅርብሽ፣ «ስህተት ነበር» ማለት ይበቃል።

ታንከር የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል። ጋሽ ወልደሰንበት ደብተር እንዳላቸው ጠይቂያቸው። ለደብተሩ ብለሽ ብቻ አትሂጂ፤ ግን ደብተሩንም ጠይቂ። ካልሄድሽ እኔ በብሩ አውቶብስ መጥቼ እሄዳለሁ፤ እሱን ደግሞ አንቺ አትወጂውም።

ቤተልሔም


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቲዬ፤

እንዴት ነሽ? ፋሲካ አለፈ፤ ዝናቡም መጣልን። እናትሽ ከአንጋጫ ዶሮ ልካልሽ ነበር፣ ብሩ «ሕይወት ያለው ነገር አልጭንም» ብሎ መለሰው። እኛ በላነው። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ሄድኩ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት አይደለም፣ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን። በሩን የከፈተችው ጥላዬ ናት። ግቢ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። እኔው ገባሁ። ጋሽ ወልደሰንበት የበር እጀታ እየጠገነ ነበር። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኩት፤ ካላንደሩን እንደደበቅኩ፣ እሁድ እንደቆጠርኩ፣ ሰዓቱን እንዳወቅኩ።

እስክጨርስ ሰምቶኝ ጓዳ ገባ። የተጠቀለለ ደብተር ይዞ ወጣ። አሁን ስሚ፣ ቤቲ። አንቺ እንዳልሽው ሰውየው የታንከሩን የውሃ ከፍታ ሲከፍትና ሲዘጋ ይጽፍ ነበር፤ በየቀኑ፣ ከጥቅምት ጀምሮ። ረቡዕ ሲከፍት ሙሉ፣ ሲዘጋ ከግማሽ በታች። እሁድ ሲከፍት ሙሉ፣ ሲዘጋም ሙሉ ሊባል ምንም አይቀረው። በጣቱ እየመራ አሳየኝ።

«እኔ ይሄን ሳይ» አለኝ፣ «ታች ሰፈር ሰው ውሃ ጠግቧል አልኩ። ከፍቼላቸው እንኳ አይቀዱም አልኩ። እንዲያውም እሁዱን ለላይ ሰፈር እንስጠው ብዬ ለአቶ አበራ ልነግረው ነበር።»

«ልትነግረው ነበር?»

«ስብሰባው ቀደመኝ።»

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። እሱ ግን ፈገግ አለ። ጥላዬ ናት ያልሳቀችው።

«ወረቀቱን በሚስማር ሰቅለሽ» አለችኝ፣ «ይቅርታውን በጆሮ ልትነግሪን መጣሽ? ልጆቻችን ትምህርት ቤት ‹የውሃ ሌባ ልጅ› እየተባሉ ነው። ያን ያሉት ሰዎች እዚህ ቤት ውስጥ አሉ?»

«የሉም» አልኳት።

«እንግዲያው እነሱ ባሉበት ተናገሪው።»

ሴት ልጅ እውነቷን ስትናገር መከራከር አይቻልም። ቅዳሜ ስብሰባ አስጠራሁ። አቶ አበራ «ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፣ አዳራሽ ድረስ ምን ያደርሰዋል?» ብሎ ነበር፤ በአዳራሽ ተጀምሮ በጓዳ አያልቅም አልኩት። ተነስቼ ተናገርኩ። የጋሽ ወልደሰንበትን ደብተር ማርቆስ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። «መቶ ሠላሳው ሳጥን ውሃ ያልመጣበት አይደለም፤ እኛ ያልነበርንበት ነው። ቤት የነበረ አንድ ሰው ነው፣ የእሱን ደግሞ እኔ ደብቄ ነበር» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ስለ ብሎኬት ሠሪው የተናገረው ሰውዬ ወለሉን ሲያይ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ በሐዲይኛ «ታዲያ ለምን ነገርሽን፣ አሁን ሁላችንም ሞኝ ሆንን» አለችኝ። ሆነናል እኮ፣ አልኳት።

መሐመድአሚን ተነስቶ አሥራ ሦስቱም እሁድ እንደቀዳ መሰከረ። የእሁዱ ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ይዛወር ተብሎ እጅ ሲወጣ፣ እሱ እጁን ግማሽ ድረስ ብቻ አወጣና «እንግዲህ ያንን ሁሉ ውሃዬን ልትካፈሉኝ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ሰው የሳቀው። ትናንት ወዲያ እሁድ በስምንት ሰዓት መጣ። የእርጉዟ ልጅ ቤትም ደረሰ፤ ወልዳለች፣ ወንድ ነው፤ ውሃው ለገንፎው ደረሰላት።

ከዚያ አቶ አበራ ወደ ግድግዳው አይቶ «በሉ፣ ይሄን ወረቀት አውርዱት» አለ። ጋሽ ወልደሰንበት ተነሳ።

«አይወርድም» አለ። «ከወረደማ ሰው የሚያስታውሰው የተሰቀለውን ነው። አጠገቡ ሌላ ይሰቀል፣ በዚያው ልክ። ሁለቱን አይቶ ይፍረድ። ቁልፉን ያን ቀን እይዛለሁ።»

ስለዚህ ልትሠሪ ያሰብሽውን በራስሽ አትወስኚ፣ እሱ ያለው ይሁን። ወረቀቱ ከፊተኛው እኩል ይሁን፤ አይነስ፣ አይብለጥ። ደብተሩን አውሶኛል፤ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁና እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቀሽ መልሺው። የእኛን ሳጥኖች ከላይ አድርጊ፣ አሥራ አንደኛውን ጨምረሽ፤ የእሱን የታንከር ከፍታ ከሥራቸው፣ ቀኑ ከቀኑ ፊት ለፊት እንዲውል። እሁዱን ነጭ አትተዪው። አንቺ እንዳልሽው ሁለት ነገር ነውና ለ«ሰው ቤት አልነበረም» ሌላ ቀለም ስጪው፤ የፈለግሽውን፣ ቀይ ብቻ አይሁን። ከላይ በትልቁ ምንም አትጻፊ። ሰው ራሱ ያንብበው።

ከታች ግን ይሄ ይጻፍ፤ ቃሉን ማርቆስ ሊያሳምርልኝ ፈልጎ ነበር፣ ከለከልኩት። «እነዚህን ቀኖች የቆጠሩት አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው። እሁድ ጠዋት ከአንዱ ቤት በቀር ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጋሽ ወልደሰንበት አሥራ ሦስቱንም እሁድ ከፍቷል። የአንዱን ቤት ካላንደር ያስቀረሁት እኔ ጽጌ ነኝ።»

«የስም ነገር ይቅርብሽ፣ ‹ስህተት ነበር› ማለት ይበቃል» ብለሽ እንደጻፍሽልኝ አይቻለሁ። ስለ አክስትሽ አስበሽ ነው፣ አመሰግናለሁ። አይበቃም። ዓርብ ብሩ ሲመለስ ይድረስልኝ፤ ሰውየው እየጠበቀ ነው። ስሜንም ከበሩ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው እንዲያየው አድርገሽ ጻፊው። ጥላዬ ቅዳሜም ስብሰባው እስኪያልቅ በሩ ላይ ነው የቆመችው፤ ወደ ውስጥ አልገባችም።

አክስትሽ ጽጌ